መሐንዲስ ያልነደፈው ሜዳ

በጎልፍ ወዳጆች ዘንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተጫዋች በልቡ ሁለት ዝርዝር መያዙ ነው። በመጀመሪያው የተጫወተባቸውና የማይረሳቸው ሜዳዎች ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ዕድሜና አቅም ከፈቀዱለት አንድ ቀን ሊጫወትባቸው የሚመኛቸው ይቈጠራሉ። ዝርዝሩ እንደየሰው ቢለያይም፥ ከሁለቱ ባንዱ ሳይጠቀስ የሚቀርበት ጊዜ እምብዛም የሌለ አንድ ስም አለ። እርሱም በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ በሴንት አንድሩስ ከተማ የሚገኘው «አሮጌው ሜዳ» ነው።

የዚህ ሜዳ ታሪክ መሬትን ለሚቀይስ፥ ውሃን ለሚያፋስስና ሥራን ለሚጠብቅ ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። በዓለም እጅግ የሚመኙት ይህ ሜዳ የመጀመሪያ ነዳፊ የለውም። የሠሩት ባሕርና ነፋስ፥ በግና ጥንቸል ናቸው። እስከ ዛሬ ያቈየው ግን የሕዝብ መብትና የማያቋርጥ ጥበቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፥ በልደት በዓል ሰሞን የሚጫወቱትን ገና ማሰብ ይጠቅማል። በዚያም በዚህም ቈልማማ ዱላና ድቡልቡል ሩር አለ። በጎልፍ ግን ሩር የሚነጥቅ ባላጋራ የለም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ እየመታ በተራ ወደ ተቈፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶች ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ጉድጓዱ የሚገኝበት፥ ሣሩ እጅግ ተከርክሞ የተስተካከለው ስፍራ ግሪን ይባላል። በየመንገዱ ኳስ የሚይዙት የአሸዋ ስርጉዶች ደግሞ ባንከር ይባላሉ።

ባሕር የሠራው መሬት

ስኮትላንዶች በባሕሩ ዳርና በእርሻው መሬት መካከል የሚገኘውን አሸዋማ ወገብ «ሊንክስ» ይሉታል። የጥንቱ የበረዶ ዘመን ሲያበቃ፥ በከባድ በረዶ ተጭኖ የኖረው ምድር ሸክሙ ሲቀልለት ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ ባሕሩም ወደ ኋላ አፈገፈገ። በባዶው ጠረፍ ላይ ነፋስ አሸዋውን እየጠረገ ጉብታና ሸለቆ አድርጎ ቈለለው። ከዚያም ሥረ ረዣዥም ሣር በቀለበትና አሸዋውን አስሮ ያዘው።

እንዲህ ያለው መሬት ለእህል አይሆንም። ስለዚህም ማንም አላረሰውም፤ ለከተማው ሰው የወል ግጦሽ ሆኖ ቀረ። ለኳስ ግን ይህን የመሰለ የለም። የዝናብ ውሃ በአሸዋው ውስጥ ወዲያው ስለሚሰርግ ሜዳው ክረምት ከበጋ አይጨቀይም፤ ያለ ቦይና ያለ ቱቦ ራሱን በራሱ ያፋስሳል። አፈሩ ድኻ በመሆኑ ሣሩ ቀጭንና አጭር ሆኖ ይበቅላል፤ የቀረውን ጥንቸልና በግ ይከረክሙታል። ስለ ባንከሮቹ አመጣጥ ሲነገር የኖረውም፥ በጎች ከባሕሩ ነፋስ ለመሸሸግ በተዳፋቱ ሥር እየተኙ ሣሩን ሲያራግፉት፥ ነፋስ አሸዋውን እየዛቀ ስርጉድ አደረገው የሚል ነው።

ክልከላና ፈቃድ

ጎልፍ በስኮትላንድ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ መጀመሪያ የሚገኘው በክልከላ ነው። በ1457 በንጉሥ ጄምስ 2ኛ ዘመን የወጣ ሕግ፥ ሕዝቡ ቀስት መወርወርን ትቶ በእግር ኳስና በጎልፍ ጊዜውን እንዳያጠፋ ከለከለ። ከእንግሊዝ ጋር ጠብ ለነበረባት አገር ቀስት መወርወር የመከላከያ ጉዳይ ነበርና። ክልከላው በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን መደጋገሙ ግን ሕዝቡ እንዳልሰማ ያስረዳል።

ለሴንት አንድሩስ ትልቁ ሰነድ የመጣው በ1552 ነው። በዚያ ዓመት ሊቀ ጳጳስ ጆን ሐሚልተን በሊንክሱ ላይ ጥንቸል የማርባት ፈቃድ ከከተማው ተቀበለ፤ በዚያው ሰነድም የከተማው ሰው በመሬቱ ላይ ጎልፍና እግር ኳስ የመጫወት፥ ዒላማ የመተኰስና ከብት የማሰማራት መብቱ የተጠበቀ መሆኑን አረጋገጠ። ስለ ጥንቸል ተብሎ የተጻፈ ወረቀት፥ ከዘመናት በኋላ የአንድ ከተማ ሕዝብ የመብት መሠረት ሆነ።

ዛሬ በመላው ዓለም የተለመደው የ18 ጉድጓድ ቍጥርም ከዚሁ ሜዳ የወጣ ነው። አስቀድሞ ተጫዋቾቹ 11 ጉድጓድ ሄደው፥ በዚያው መስመር 11 ይመለሱ ነበርና ጨዋታው 22 ጉድጓድ ነበረው። በ1764 የመጀመሪያዎቹ አራት ጉድጓዶች እጅግ አጭር ሆነው ስለ ታዩ ወደ ሁለት ተጠቀለሉ፤ በመልሱም እንዲሁ ሲደረግ ቍጥሩ 18 ሆነ። ሌሎች ሜዳዎች ይህን እንደ ደንብ የተቀበሉት ዘግይተው ነው። እንዲያውም በ1860 በፕረስትዊክ የተጀመረው ትልቁ የብሪታንያ ግልጽ ውድድር የተካሄደው 12 ጉድጓድ ባለው ሜዳ ነበር፤ ወደ ሴንት አንድሩስ የመጣውም በ1873 ነው።

የጥንቸሎቹ ሙግት

ሕዝባዊ መብት በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ አይጸናም። በ1797 ዕዳ የከበደው የከተማው ምክር ቤት ሊንክሱን ለገንዘብ ሲል ከእጁ አወጣ፤ ስፍራውም ለጥንቸል አርቢ ነጋዴዎች ጥቅም ዋለ። ጥንቸሉ በዝቶ ሜዳውን ሲቦረቡር ተጫዋቾቹ ተነሡ። ጠቡ ከፍርድ ቤት አልፎ እስከ እጅ መማዘዝ ደረሰ፤ ሀያ ዓመት ያህልም ቈየ። በመጨረሻ በ1821 የስትራቲረም ባላባት የነበረውና ራሱም ጎልፍ ይጫወት የነበረው ጄምስ ቺፕ መሬቱን ገዝቶ ለጨዋታው አተረፈው።

ይሁን እንጂ የአንድ ባላባት ደግነት የዘለቄታ ዋስትና ሊሆን አይችልም። ስለዚህም በ1894 በወጣ የፓርላማ ሕግ ሊንክሱ ወደ ከተማው ተመለሰ። በ1970ዎቹ የስኮትላንድ አካባቢያዊ አስተዳደር ሲለወጥና የከተማው ምክር ቤት ሲቀር ደግሞ፥ በ1974 በወጣ ሌላ ሕግ ሜዳዎቹን በአደራ የሚያስተዳድር ድርጅት ተቋቋመ። ከመጀመሪያው ምት መቆሚያ ጀርባ የሚታየው ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ የዝነኛው ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክበብ ነው። ብዙ እንግዶች ሜዳው የክበቡ ይመስላቸዋል፤ ሆኖም የሕዝብ ነው።

ጠባቂው

በ1848 ገደማ የጨዋታው ኳስ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ኳስ የሚሠራው ላባ በቆዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ስለ ነበር ውድ ነበር። ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የሩቅ ምሥራቅ ዛፍ ሙጫ የተሠራው አዲሱ ኳስ ግን ርካሽና ጠንካራ ሆነ። በ1852 ደግሞ ባቡር ሴንት አንድሩስ ገባ። ኳስ ሲረክስና መንገድ ሲያጥር ተጫዋች በዛ፤ በጠባቧ መስመር ሂያጁና ተመላሹ እየተጋጠሙ ይቸገሩ ጀመር። መፍትሔውም ሜዳውን በስፋት መዘርጋትና በአንድ ግሪን ላይ ሁለት ጉድጓድ ማበጀት ሆነ። እስከ ዛሬ ሰባቱ ግሪኖች እያንዳንዳቸው ለሁለት ጉድጓድ ያገለግላሉ፤ የሁለቱ ጉድጓዶች ቍጥር ሲደመር ምን ጊዜም 18 ይመጣል። 2ኛው ከ16ኛው፥ 3ኛው ከ15ኛው ጋር እንደማለት ነው።

ለዚህ ዘመን ዋነኛ ሰው ቶም ሞሪስ ነው። በ1821 በሴንት አንድሩስ ተወልዶ፥ የላባ ኳስ መሥራትን ከአላን ሮበርትሰን ተማረ፤ በአዲሱ ኳስ ምክንያት ከጌታው ተጣልቶ ወደ ፕረስትዊክ ሄደ። በ1860ዎቹ አጋማሽ ሲመለስ የሜዳው ጠባቂ ሆነ፤ በዚህም ሥራ እስከ 1903 ቈየ። መሣሪያው አካፋ፥ ባሬላና አሸዋ ነበር። በተጎዳው ሣር ላይ አሸዋ ሲነሰነስ ሣሩ እንደሚያገግም አይቶ ይህን የዘወትር ሥራ አደረገው፤ የዛሬም የሜዳ ጥበቃ ከዚህ አልራቀም። ተጫዋቾቹ ዕረፍት ባይሹ እንኳ ሜዳው ዕረፍት ይሻል የሚለውም አሳብ የእርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። አሮጌው ሜዳ ከታላላቅ ውድድሮች በቀር እሑድ እሑድ ለጨዋታ ይዘጋል፤ በዚያ ቀን ሕዝቡ ልጆቹንና ውሾቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

የንድፍ ዘመን

ጎልፍ ከጠረፍ ወደ መሀል አገር ሲገባ፥ ባሕር በነጻ የሰጠውን ሰው በገንዘብ መሥራት ግድ ሆነበት። ውሃ የሚያቈረው ሸክላ አፈር ቦይና ቱቦ፥ ሜዳማው ቁፋሮና ሙሌት፥ ደኑ ምንጠራ ጠየቀ። የጎልፍ ሜዳ ነዳፊ የሚባል ሙያም በዚሁ ተወለደ።

ከነዳፊዎቹ ስሙ የሚጠራው አሊስተር ማኬንዚ ነው። የተማረው ሕክምና ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ሳለ ቦሮች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር አመሳስለው ሲሸሸጉ አይቶ፥ የሰው እጅ ሥራ ከተፈጥሮ እንዳይለይ ማድረግን መመሪያው አደረገ። በ1924 አሮጌውን ሜዳ ቀይሶ ያወጣው ካርታ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ሥራ ነው።

ከእርሱ ጋር አብሮ የሚነሣው አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ ነው። ጆንስ በ1921 በአሮጌው ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር፥ በ11ኛው ጉድጓድ ባንከር ቢያሸንፈው ተናዶ ውድድሩን ተወ። ሜዳውን ማስተዋል ሲጀምር ግን ወደደው፤ በ1927 በዚያው ድል አደረገ። በ1958 ከተማይቱ የክብር ዜግነት ስትሰጠው፥ ይህን ክብር ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ቀጥሎ ያገኘ አሜሪካዊ ሆነ፤ ፍራንክሊን የተቀበለው በ1759 ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በጆርጂያ ግዛት፥ ቀድሞ የፍራፍሬ ችግኝ ማፍያ በነበረ ኮረብታማ መሬት ላይ የኦገስታን ሜዳ ነደፉ። ከአሮጌው ሜዳ የተማሩትን ሰፊ መስመርና ተንከባላይ ግሪን በዚያ ሠሩበት። ማኬንዚ በ1934 መጀመሪያ ስለ ሞተ፥ በዚያው ዓመት የተካሄደውን የመጀመሪያ ውድድር አላየም። ዛሬ ኦገስታ የምሕንድስና ድንቅ ነው፤ በግሪኖቹ ሥር በተቀበሩ ቱቦዎች አየር እየተሳበና እየተነፋ እርጥበቱ ይቈጣጠራል።

ነገር ግን ኦገስታ በብዙዎች ዝርዝር ላይ ምኞት ሆኖ ይቀራል። የግል ክበብ በመሆኑ አባል ያልጋበዘው ሰው አይጫወትበትም። ጥቍር ተጫዋች በውድድሩ የተካፈለው በ1975፥ ጥቍር አባል የገባው በ1990፥ ሴቶች በአባልነት የተቀበሉት በ2012 ነው። በስኮትላንድም ክበቦች ንጹሕ አልነበሩም፤ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2014 ነው። ሆኖም ይህ የክበቡ በር ነው፤ የአሮጌው ሜዳ በር ሌላ ነው። ከየትም የመጣ ተጫዋች የሚፈለገውን የችሎታ ማስረጃ ይዞ ስሙን በዕጣ ያስገባል፤ ዕጣው ከወጣለት ከፍሎ ይጫወታል። ክፍያው ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለመግባት የማንም ግብዣ አያስፈልገውም።

አደራ

በ18ኛው ጉድጓድ መስመር፥ ስዊልካን በሚባለው ትንሽ ወንዝ ላይ አንዲት የድንጋይ ድልድይ አለች። ከጥንት እረኞች ከብቶቻቸውን ያሻግሩባት ነበር። ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ታላላቅ ተጫዋቾች ሲሰናበቱ በእርስዋ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በ2023 የብዙ እግር መረማመድ የድልድይዋን መግቢያ ሣር ስላጠፋው፥ ስፍራው በድንጋይ ተነጠፈ። የምሕንድስናው ምክንያት ትክክል ነበር። ይሁንና ከየአገሩ ተቃውሞ ስለ ተነሣ፥ ንጣፉ በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥቶ ሣር ተመለሰ። ሣር የሚፈልገው ጥበቃ ከድንጋይ ይበልጣል፤ ጠባቂዎቹም ይህን ድካም ተቀበሉ።

የሚቀረው ትልቁ ሙግት ከባሕሩ ጋር ነው። ሊንክስን የሠራው ባሕር መልሶ ሊወስደው ይችላል። በስተ ሰሜን በሞንትሮዝ ጥንታዊው ሜዳ ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ነው። በሴንት አንድሩስም የጠረፉን የአሸዋ ጉብታዎች እየጠገኑ፥ አሸዋውን የሚያስር ሣር ይተክሉበታል። ሥራው በየዓመቱ የሚደጋገም እንጂ አንድ ጊዜ ተመርቆ የሚያበቃ አይደለም።

የሙያ ሰው ስም ብዙ ጊዜ የሚቀረው በሠራው ነገር ላይ ነው። በሴንት አንድሩስ ግን በክብር የሚታወሱት መሬቱን ያልሸጡ፥ የሸጡትን ያስመለሱና በየማለዳው አሸዋ የነሰነሱ ሰዎች ናቸው። ከ1552 ጀምሮ የተጻፉት ወረቀቶች ባይኖሩ የዛሬው ሜዳ ወይ የጥንቸል ማርቢያ ወይ የጥቂቶች አጥር ግቢ በሆነ ነበር። ዝርዝሩን በልቡ ይዞ ተራውን የሚጠብቅ ተጫዋች ተስፋ የሚያደርገውም፥ ሌሎች አደራቸውን ስለ ጠበቁለት ነው።