የ«አር» ፓኬጆች ሲጫኑ የሚያጋጥሙ ችግሮችና ታሪካዊ መነሻቸው

መግቢያ

የተማሪዎችን ምዝገባ፣ ትምህርት የማቋረጥ መጠንንና የፈተና ውጤትን ለማጥናት ከሚያገለግሉት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች አንዱ «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ነው። ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ በጀታቸው ውሱን ለሆነ የትምህርት ተቋሞች የተመቸ ነው። ዳሩ ግን ቋንቋው ራሱ ያለ ችግር ከተጫነ በኋላ፣ ለልዩ ልዩ ሥራ የሚያስፈልጉት ፓኬጆች አልጫን ብለው ሥራ የሚያስተጓጉሉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፓኬጅ ማለት ለአንድ ዓይነት ተግባር የሚውሉ ትእዛዞች ከነመግለጫቸው ተጠቃለው የሚገኙበት ስብስብ ነው። ይህ ስብስብ ሳይጫን ሲቀር መምህሩ ስለ አማካይና ስለ ልይይት ሊያስተምርበት የያዘው ክፍለ ጊዜ የስሕተት መልእክት በማንበብ ያልቃል፤ ተማሪውም ጉድለቱ የራሱ ይመስለዋል። የፕላን ባለሙያው ደግሞ አምና የሠራውን ስሌት ዘንድሮ መድገም ይሳነዋል።

እነዚህ ችግሮች አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድንገተኛ እንቅፋት ይታያሉ። በመሠረቱ ግን እያንዳንዳቸው በቋንቋው የዕድገት ታሪክ ውስጥ ከተወሰደ አንድ ውሳኔ የመነጩ ናቸው። የችግሩን መነሻ ያወቀ ሰው መፍትሔውን በግምት አይፈልግም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ«ኤስ» ወደ «አር»

የ«አር» አባት የሆነው «ኤስ» የተባለው ቋንቋ ሥራው የተጀመረው በ1976 በአሜሪካ አገር በቤል ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ ጀማሪዎቹም ጆን ቼምበርስና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ የስታቲስቲክስ ስሌት የሚሠራው ፎርትራን በተባለው ቋንቋ በተጻፉ ፕሮግራሞች ነበር። የ«ኤስ» ዓላማ እነዚህን ፕሮግራሞች መተው ሳይሆን፣ ተመራማሪው በአጭር ትእዛዝ እንዲገለገልባቸው ማድረግ ነበር። ከላይ ቀላል ትእዛዝ፣ ከሥር ደግሞ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፈጣን ስሌት ማኖር የሚለው ይህ አሠራር ወደ «አር»ም ተላልፏል።

«አር»ን በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሠሩት። ለሥራው ያነሣሣቸው ጉዳይ በተለይ ለመምህራን ትርጉም አለው፤ ይኸውም ተማሪዎቻቸው ለሚለማመዱበት የኮምፒዩተር ክፍል የሚስማማ ፕሮግራም በገበያ ላይ ማጣታቸው ነበር። በ1993 ሥራቸውን ለሌሎች አሳወቁ። በ1995 ደግሞ በዙሪክ ይሠሩ የነበሩት ማርቲን ሜህለር ባደረጉት ግፊት ማንም ሰው ምንጭ ጽሑፉን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና እንዲያሰራጭ በሚፈቅደው የጂኤንዩ ፈቃድ ሥር ለቀቁት። በ1997 ቋንቋውን በጋራ የሚያሳድግ ቡድን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም ማለትም 1.0.0 በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ወጣ።

የክራን መቋቋም

የቋንቋው በር ለሁሉም ሲከፈት ከየአገሩ የሚመጡት ፓኬጆች የሚሰበሰቡበት ማእከል አስፈለገ። በኤፕሪል 1997 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ኩርት ሆርኒክና ፍሪትዝ ላይሽ «ክራን» የተባለውን ማከማቻ አቋቋሙ። ሲጀመር የነበሩት ፓኬጆች 12 ብቻ ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ ቅጂ የሚይዙት ጣቢያዎችም 3 ነበሩ። ዛሬ የፓኬጆቹ ቁጥር ከ20,000 በላይ ደርሷል። በዚህ ዕድገት ውስጥ የመጫን ችግሮች ዋና ዋና ምንጮች ይገኛሉ።

አንደኛው ምንጭ የቅጂ ጣቢያዎች አሠራር ነው። ማከማቻው በልዩ ልዩ አገሮች መሰራጨቱ ጭነቱን ቢያቃልልም፣ የተመረጠው ጣቢያ ሲዘጋ ወይም የተቋሙ መረብ ወደ እርሱ የሚወስደውን መንገድ ሲከለክል የፓኬጆቹን ዝርዝር ማግኘት አልተቻለም የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ የፓኬጁ ጉድለት አይደለም። ሌላ ጣቢያ መምረጥና የመረቡን አያያዝ መፈተሽ በቂ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ክራን የሚያደርገው የጥራት ቁጥጥር ነው። ስሕተት ተገኝቶበት ባለቤቱ በተሰጠው ጊዜ ያላረመው ፓኬጅ ከዋናው ዝርዝር ወጥቶ ወደ መዝገብ ቤቱ ይዛወራል። ስለሆነም «ይህ ፓኬጅ ለዚህ የአር እትም አይገኝም» የሚል መልእክት ሲታይ ሦስት ነገሮችን መመርመር ይገባል፤ ስሙ ከነትልልቅና ትንንሽ ፊደላቱ በትክክል መጻፉን፣ ፓኬጁ ወደ መዝገብ ቤት አለመዛወሩን፣ እንዲሁም አዲስ የአር እትም የሚጠይቅ አለመሆኑን።

ሦስተኛው ምንጭ ጥገኝነት ነው። አንዱ ደራሲ ሌላው የሠራውን እንደገና ከመሥራት ይልቅ በእርሱ ላይ መገንባቱ የጋራ ሥራ ፍሬ ነው። ከዚህም የተነሣ አንድ ፓኬጅ ለመጫን ሌሎች ብዙ ፓኬጆች ቀድመው መጫን ሊኖርባቸው ይችላል፤ ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ የተፈለገው ሁሉ ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመልእክቱን የመጨረሻ መስመር ብቻ ስለሚያነብ ነው። የመጨረሻው መስመር ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። መፈለግ ያለበት ከላይ ወደ ታች ሲነበብ መጀመሪያ ስሕተት የተባለው ቦታ ነው።

ከሥር ያለው ቋንቋ

ከ«ኤስ» የተወረሰው አሠራር አራተኛውን ችግር አስከትሏል። በርካታ ፓኬጆች በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፎርትራን የተጻፈ ክፍል ስላላቸው፣ ከመጫናቸው በፊት ኮምፓይለር በተባለው ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎም አለባቸው። ክራን ለዊንዶውስና ለማክ ተጠቃሚዎች ተተርጉሞ ያለቀለትን ቅጂ ያዘጋጃል። በሊኑክስ ግን ከክራን የሚወሰደው ምንጭ ጽሑፉ ስለሆነ፣ ትርጉሙ በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ይካሄዳል፤ ለዚህም ኮምፓይለሩና የሥርዓቱ አጋዥ ፋይሎች አስቀድመው መገኘት አለባቸው። በዊንዶውስም ቢሆን ከምንጭ ጽሑፍ ለመትከል «አርቱልስ» የተባለው ስብስብ ያስፈልጋል። አዲሱ ምንጭ ጽሑፍ ወጥቶ የተተረጎመው ቅጂ ገና ባልደረሰበት ጊዜ ፕሮግራሙ «ከምንጭ ልትጭን ትፈልጋለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፓይለር በሌለበት የተማሪዎች ክፍል «አይ» ብሎ መመለስ ብቻውን ችግሩን ያስወግዳል።

የእትሞች መለዋወጥ፣ የቦታና የፊደል ጉዳይ

ቋንቋው ሲያድግ የውስጥ አሠራሩ ተለዋውጧል። በ2013 የወጣው 3.0.0 እና በ2020 የወጣው 4.0.0 ቀድሞ የተጫኑት ፓኬጆች ሁሉ እንደገና እንዲጫኑ አስገድደዋል። የቀድሞውን የፓኬጅ ፎልደር ወደ አዲሱ እትም ገልብጦ መሥራት የማይሳካው በዚህ ምክንያት ነው።

የጋራ ኮምፒዩተሮች ባሉበት ተቋም ደግሞ ዋናው የፓኬጅ ማስቀመጫ ለኃላፊው ብቻ የተፈቀደ ስለሚሆን፣ ተራው ተጠቃሚ መጻፍ አልተፈቀደም ይባላል። መፍትሔው በስሙ የግል ማስቀመጫ መክፈት ነው። መጫን ተጀምሮ መብራት ቢጠፋ ስሙ በሁለት ዜሮና «ሎክ» በሚለው ቃል የሚጀምር ፎልደር ሊቀር ይችላል። ሌላ የመጫን ሥራ አለመኖሩን አረጋግጦ ይህን ፎልደር ማጥፋት መንገዱን ይከፍታል።

የፊደላችን ታሪክም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የገባው በ1999 ነው። በዊንዶውስ የሚሠራው «አር» ግን ለረጅም ጊዜ በስርዓቱ የአካባቢ ፊደል ሠንጠረዥ ይሠራ ስለነበር፣ የተጠቃሚው ስም ወይም የፎልደሩ ስም በአማርኛ ሲጻፍ ፓኬጅ መጫን ሊሰናከል ይችል ነበር። በ2022 የወጣው 4.2.0 በቅርብ ጊዜ የዊንዶውስ እትሞች ላይ ይህን ችግር በእጅጉ አቃለለ። የቆዩ ኮምፒዩተሮች ባሉበት ግን የፎልደር ስምን በላቲን ፊደል መጻፍ አሁንም ይመረጣል።

የማስቀመጥ ኃላፊነት

የፓኬጆችን የቀድሞ ገጽታ በየቀኑ ቀድቶ የሚያስቀምጥ አንድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የነበሩትን ቅጂዎች ይዞ ነበር። ይኸው ማይክሮሶፍት ያስተዳድረው የነበረ አገልግሎት በ2023 ተዘጋ። በእርሱ ብቻ ተማምኖ ስሌቱን ያኖረ ሁሉ ሌላ ማከማቻ ለመፈለግ ተገደደ። የቀድሞ እትሞች ምንጭ ጽሑፍ በክራን መዝገብ ቤት መገኘቱ ባይካድም፣ እነዚያን አንድ በአንድ ፈልጎ መተርጎም ጊዜና ሙያ ይጠይቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለአንድ ኮርስ ወይም ለአንድ የዕቅድ ጥናት የሚያስፈልጉት ፓኬጆች ከነጥገኞቻቸው አንድ ጊዜ ወርደው በተቋሙ ዲስክ ላይ ሊቀመጡ ይገባል። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ከዚያው ዲስክ ወደ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር መጫን ይቻላል። ከጥናቱ ውጤት ጋርም የአር እትምና የፓኬጆቹ እትም ቁጥር አብሮ መጻፍ አለበት፤ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ስሌት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊመረመርም ሊታረምም አይችልም።

«አር» የተወለደው ከማስተማሪያ ክፍል ችግር ነው። የመጫን እንቅፋቶቹን ለተማሪው ዕድል ወይም ለመምህሩ ትዕግሥት መተው አይገባም። ክፍለ ጊዜው ከመድረሱ በፊት ፓኬጆቹን መጫንና መፈተሽ እንደ ጠመኔና እንደ ጥቁር ሰሌዳ ሁሉ የትምህርት ዝግጅት አካል ሆኖ በዕቅድ ሊያዝ ይገባዋል።