በትንቢት ስም የተጻፈ ታሪክ

ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት አትውድ «የገረዲቱ ታሪክ» ልንለው የምንችለውን ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረችው በ1984 የጸደይ ወራት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ በግንብ በታጠረችው ምዕራብ በርሊን ተቀምጣ ነበር። መጽሐፉ በ1985 ታተመ። በአሜሪካ ምድር ገለዓድ የሚባል መንግሥት በጉልበት ሥልጣን ይይዛል። ሴቶች ገንዘብ እንዳይዙ፣ ፊደል እንዳያዩ ይከለከላሉ። መውለድ የሚችሉት ለሹማምንት ይታደላሉ። ፍሬድ ለተባለው አዛዥ የተሰጠችው ተራኪ «የፍሬድ» ከመባል በቀር ስም የላትም። ገዢዎቹ ለዚህ ሁሉ የሚጠቅሱት ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30ን፣ ራሔል አገልጋይዋን ባላን ለያዕቆብ የሰጠችበትን ነው። ከልጅነታችን የሰማነው ታሪክ ነው፤ ባላ ምን አለች ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ብዙዎች መጽሐፉን እንደ ትንቢት ያነቡታል። እኔ እንደ ታሪክ ማንበቡን እመርጣለሁ። ደራሲዋም በሰው ልጅ ታሪክ ያልተፈጸመ ነገር ላለማስገባት ወስና እንደነበር ተናግራለች። ከፊቷ ከነበሩት ምስክሮች አንዷ ሩማንያ ናት።

የሩማንያ ኮሚኒስቶች በ1957 ፅንስ ማስወረድን ፈቅደው ነበር። የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ሲያሽቆለቁል ኒኮላይ ቻውሼስኩ በኦክቶበር 1966 አዋጅ ቁጥር 770ን አወጣ። ዕድሜዋ ከ45 ካለፈ ወይም አራት ልጅ ካሳደገች ሴትና ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ማስወረድ ወንጀል ሆነ። በማግስቱ ዓመት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ከ1.9 ወደ 3.7 ገደማ አሻቀበ። ደስታው አልዘለቀም። ሴቶቹ በስውር ማስወረድን ተማሩ፤ የወሊዱ ቁጥር ተመልሶ ወረደ፤ የእናቶች ሞት ግን ከአውሮፓ ሁሉ የከፋ እስኪሆን ድረስ ወጣ። መንግሥት ግን ጥፋቱን በአዋጁ ላይ አላየም። በ1980ዎቹ በየፋብሪካው ሠራተኛ ሴቶችን እያስመረመረ ያረገዘችውን መከታተል፣ በሆስፒታል ሰላይ ማስቀመጥ ያዘ። ዕድሜው 25 አልፎ ልጅ የሌለው ሁሉ ተጨማሪ ግብር ይከፍል ነበር። አዋጁ የተሻረው ቻውሼስኩ በተረሸነ ማግስት፣ ዲሴምበር 26 ቀን 1989 ነው።

የልብ ወለዱ መጨረሻ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች የተጻፈ ይመስለኛል። በ2195 በተደረገ የምሁራን ጉባኤ አንድ ፕሮፌሰር ሴቲቱ በካሴት የቀዳችውን ቃል ያብራራል፤ ይቀልዳል፤ ይጨበጨብለታል። አብዛኛውን ድካሙን ያፈሰሰው አዛዡ ማን እንደነበረ ለማወቅ ነው፤ የእርሷ ስም ሳይታወቅ ይቀራል። የሩማንያውም አዋጅ ቁጥሩ፣ ቀኑና ባለቤቱ ይታወቃል፤ የሞቱት ሴቶች «10,000 ገደማ» እየተባሉ በግምት ይቆጠራሉ።