የስኳር በሽታና መዝገቡ፤ ከጎንደርና ከጅማ እስከ ማጂ

እንደሚታወቀው የስኳር በሽታ በአንድ ቀን ምርመራ ጠባዩ ሁሉ ተገልጦ የሚታይ ሕመም አይደለም። ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው ብዙ ዓመታት ቆይቶ ስለሆነ፣ መዘዙን ለማወቅ ያንኑ ሰው ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ መመዝገብ የግድ ነው። ለዚህ ዋና ምስክር የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1977 በብሪታንያ የተጀመረው ጥናት ነው። በጥናቱ 5,102 አዲስ በሽተኞች ተመዝግበው የነበረ ሲሆን፣ በ1998 የወጣው ውጤት የደም ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር በተለይ የዓይንንና የኩላሊትን ጉዳት እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ከዚያ ወዲህ መዝገቦቹ እጅግ ሰፍተዋል። የብሪታንያው ባዮባንክ ብቻ 500,000 ያህል ሰዎችን ይዟል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ዘራቸው ከአውሮፓ ነው፤ ሲመዘገቡም ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ነበር። መዝገብ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ያልተጻፈበትን ሰው ሊያሳይ አይችልም።

የዚህን እውነትነት የገዛ አገራችን ታሪክ ያስረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ማስረጃው በቂ አይደለም በማለት ከዝርዝሩ አወጣው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው ወደ ጎንደርና ወደ ጅማ ሆስፒታሎች አዲስ የመጡትን የስኳር በሽተኞች መዝግበው ያገኙትን አሳተሙ። ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ድሆች፣ ሰውነታቸው የቀጨጨና ወጣት ወንዶች ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይም ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን ሕመም 5ኛው ዓይነት ብሎ የተቀበለው በ2025 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የጎደለው በሽተኛ ሳይሆን መዝገብ ነበር።

ይህ ነገር ለደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር የቅርብ ጉዳይ ነው። በ2016 በሚዛን አማን ከተማ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ነዋሪዎች ላይ የስኳር በሽታ ጥናት ተደርጓል። እንዲህ ያለው ጥናት በዕለቱ ስንት ሰው እንደታመመ ይነግረናል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ እግሩ የተቆረጠው፣ ዓይኑ የጠፋው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ከማጂ ደጋ ወርዶ ሚዛን የሚታከም አንድ ገበሬ ካርዱ ቢጠፋና ሌላ ቢወጣለት፣ በቁጥር ሁለት ሰው ይሆናል። መድኃኒቱ አልቆበት በቤቱ ቢሞት ደግሞ መዝገቡ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ደኅንነት ይቆጠራል። በየወሩ ወደ በላይ የሚላከው ድምር ይህን ስሕተት አያርመውም።

ስለዚህ የሙያ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ የማይለወጥ ቁጥር እንስጥ፤ ሕመሙ የታወቀበትን ዓመት፣ ክብደቱን፣ የደም ግፊቱን፣ የእግሩንና የዓይኑን ሁኔታ በየጊዜው እንጻፍ፤ የቀረውንም በሽተኛ ለምን እንደቀረ እንጠይቅ። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ዓለምን መልሰው እንዲያስብ ያደረጉት በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። የማጂውም ገበሬ በመዝገቡ ውስጥ ስፍራ ሊኖረው ይገባል።