ሱፕራ እየነዳ ሥራ የሚገባው ሰው

እስቲ ዛሬ የአንድ ወዳጄን መኪና ነገር ልተርክላችሁ። ወዳጄ የሚኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሥራው ደግሞ ፖቶማክን ተሻግሮ ዋሽንግተን። በዚያ አካባቢ ያለን ሐበሾች መኪና ስንገዛ ምን እንደምንመርጥ ታውቁታላችሁ፦ ካምሪ፣ ኮሮላ፣ ወይም ቀን ታክሲ ማታ የቤት መኪና የሚሆን ፕሪየስ። እሱም እንደ ሰዉ ካምሪ ነበረው። አንድ ቀን ሸጠውና የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሱፕራ ይዞ መጣ። እሑድ እሑድ ብቻ የምትወጣ ብትሆን ማንም ነገሬ አይላትም ነበር። «ሥራ የምሄድባት ናት» ሲል ነው ጉድ ያልነው።

ያልተገረሙት እናቱ ብቻ ናቸው። «ቶዮታ ናት አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የሚያስገርመው?» አሉ።

የእናቱ አስተያየት ከእኛ ከሁላችን የተሻለ ነበር። ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ በእርግጥም የዘወትር መኪና ነበረች። በ1993 ገበያ የወጣችው አራተኛዋ ሱፕራ ቱጄዚ በሚባለው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ትሠራለች። አሜሪካ የገባችው ባለ ቱርቦዋ 320 የፈረስ ጉልበት አላት፤ ጃፓን የቀረችው እህቷ በወረቀት ላይ 280 ብቻ ነው የተጻፈላት፤ የጃፓን አምራቾች ከዚያ በላይ ላለማስተዋወቅ ተስማምተው ነበርና። ሁለት ቱርቦ አላት፤ ሁለቱም ግን አብረው አይጀምሩም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጭሱ በሙሉ ወደ አንደኛው ይሄድና እሱን ቶሎ ያስነሳዋል፤ ዙሩ በደቂቃ 4,000 ገደማ ሲደርስ ሁለተኛው ይታከላል። ከተማ ውስጥ አታስቸግርም፣ አውራ ጎዳና ላይ አታሳፍርም። መሐንዲሶቹ ክብደት ለመቀነስ ኮፈኗን ከአሉሚኒየም ሠርተው፣ የምንጣፏን ክር ሳይቀር ውስጡን ባዶ አድርገውታል። ኤሲውን ግን አልነኩትም። ይህን ያዙልኝ።

የቀድሞ ባለቤቷ ኤሲውን ነካው። ሰውየው ቀጥ ባለ መስመር ላይ ሩብ ማይልን፣ ማለትም 400 ሜትር ገደማን፣ ማን ቀድሞ ይጨርሳል የሚባለው ውድድር ሱሰኛ ነበር። ቱጄዚ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ፈተና ነው፤ ብሎኩ ከአሉሚኒየም ሳይሆን ከብረት ስለተሠራ፣ ውስጡ ሳይከፈት ከ700 የፈረስ ጉልበት በላይ እንደሚሸከም የዘርፉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ሁለቱን ቱርቦዎች ነቅሎ የአራስ ልጅ ጭንቅላት የሚያህል አንድ ቱርቦ ገጠመ። ፍሪሲዮኑን ባለ ሁለት ዲስክ አደረገው። ሞላዎቹን አሳጥሮ አጠነከራቸው። ማርሚታውን አወጣ። ኤሲውን «ክብደት ነው» ብሎ ፈታው። ሞተሩ እንዳይግልበት ቴርሞስታቱን አነሳ። ነዳጁን አብዛኛው ኤታኖል ወደሆነው ወደ ኢ-85 ቀየረ። ከዚያ ሰለቸውና ለወዳጄ ሸጠለት።

አሁን ጠዋቱን ስሙልኝ። ክረምት ነው፣ ገና አልነጋም። ኤታኖል በብርድ ቶሎ አይተንም፣ ካልተነነ ደግሞ አይቀጣጠልም። ጭርር… ጭርር… ጸጥ። ደግሞ ጭርር… ጸጥ። ወዳጄ ባትሪው እንዳያልቅ እየጸለየ ነው። ከዚያ ድንገት ሞተሩ ይነሳል፤ ማርሚታ የለማ! የሰፈሩ ውሻ በሙሉ አብሮ ይነሳል። ሚኒሞው አይረጋም፤ 1,500 ይወጣል፣ 600 ይወርዳል፣ ሊጠፋ ሲል ይመለሳል። ላይ ቤት ያሉት ባልቴት መጋረጃቸውን ገልጠው ያያሉ። ምንም አይናገሩም፤ እሱ የሚፈራውም ዝምታቸውን ነው።

ወደ 395 አውራ ጎዳና ይወጣል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጠዋት እስከ 14ኛው ጎዳና ድልድይ ድረስ አንድ እርምጃ ሂድ፣ አንድ እርምጃ ቁም ነው። ባለ ሁለት ዲስኩ ፍሪሲዮን ደግሞ መሐል ቦታ የለውም፤ ወይ ይዟል ወይ ለቅቋል። ወዳጄ ግራ እግሩ ሲንቀጠቀጥ ቢሮ ገብቶ ሊፍት እየጠበቀ ግድግዳ የሚደገፍበት ጊዜ ነበር። ከ700 ፈረስ በላይ ያላት መኪና ከ4,000 ዙር በታች ምንም የላትም፤ ትልቁ ቱርቦ ገና አልነቃም። ስለዚህ ፕሪየሶች ይቀድሟታል፣ ነጂዎቹም ዘወር ብለው ያዩታል። መንገዱ ተከፍቶ ቱርቦው የነቃ ጊዜ ደግሞ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይመጣና በዝናብ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ። የተገጠመላት የበጋ ጎማ ደግሞ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፤ ዝናብም ባይኖር መያዙን ይተዋል።

ዋሽንግተን ደረሰ እንበል። የዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ብዙው የአገራችን ሰው መሆኑን አትርሱ። ቁልፉን ይሰጣል። ሠራተኛው ገብቶ አስነሳ፣ ጠፋ። አስነሳ፣ ጠፋ። ወጣ።

«ወንድሜ፣ ፍሪሲዮንህ ሄዷል።»

«አልሄደም፤ እንዲህ ነው የተሠራው።»

«ማነው እንዲህ የሠራው?»

ወዳጄ ምን ይበል? ራሱ ገብቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ የፊት ፓራውልቱ ሲሚንቶውን ጠርርር ያደርገዋል፤ ሠራተኛው አፉን በእጁ ይዞ ይመለከታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ መስጠት ቀረ፤ ወዳጄ ግን በየቀኑ «እንዴት አደረች?» ይባላል። ይህች ጥያቄ ከሰውየው ጋር አወዳጀችው።

በጋው መጣ። የዋሽንግተን ሐምሌ እርጥብ ሙቀቱ ሸሚዝ ያጣብቃል። ኤሲ የለም። መስኮት ከተከፈተ የማርሚታ አልባው ጩኸት ይገባል፤ ከተዘጋ ሰው ይቀቀላል። ኢ-85 ደግሞ በየማደያው አይገኝም፤ የሚገኘውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስሙ 85 ይበል እንጂ የኤታኖሉ መጠን እንደ ወቅቱና እንደ አካባቢው ከ51 እስከ 83 በመቶ ይለያያል። ለአንዱ የተስተካከለ ሞተር ሌላውን ሲጠጣ ይከፋዋል። በዚያ ላይ ኤታኖል በሊትር የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ስለሚያንስ፣ ወዳጄ ማደያ ፍለጋ የሚያቃጥለው ነዳጅ ራሱ ሌላ ማደያ ያስፈልገው ነበር።

በመጨረሻ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰዳት። የአገር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ያሳለፉ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የታመመችው?» አላቸው።

ኮፈኑን ከፍተው ቆዩ፤ ዘይቷን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። «አልታመመችም ልጄ። ውድድር ትሠራ ነበር፣ ቢሮ አስገባሃት። ዕቃዋን ቀይርላት።»

የጀመሩት ከሁሉ በረከሰው ዕቃ፣ ከቴርሞስታቱ ነው። እኔ ይህን ሥራቸውን በጣም ነው የወደድኩት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ወራት ቢሮ እስኪደርስ በደንብ አይሞቅም። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል። ያን ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ሞተር ወጣት ተማሪ ሊገዛው በሚችል ዕቃ ጉድለት እየሞተ ነበር።

ከዚያ ትልቁ ቱርቦ ወጣና 3,000 ዙር ላይ የሚነቃ አነስ ያለ ተተካ። ነዳጁ ወደ ተራው 93 ኦክቴን ተመለሰ። ጉልበቱ ወደ 450 ወረደ። ወዳጄ ያን ጊዜ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፤ «300 ፈረስ ወሰዱብኝ» ይል ነበር። እሳቸው «የት ልትነዳቸው ነበር?» አሉት። መልስ አልነበረውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 20 ማይል ያሳለፈ፣ ወይም የትም ይሁን የት 85 ማይልን ያለፈ ሰው በግድየለሽ ማሽከርከር ይከሰሳል፤ ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። የስደት ወረቀቱን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ማርሚታው ተመለሰ፤ የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራም ይጠይቀዋል። ፍሪሲዮኑ ባለ አንድ ዲስክ ሆነ። ሞላዎቹ ከፍ አሉ። ጎማዎቹ ለአራቱም ወቅት የሚሆኑ ተደረጉ። ከሁሉ ያስቸገረው ኤሲው ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራች መኪና ኮምፕረሰር፣ ቱቦና ማያያዣ አንድ በአንድ ተለቅሞ እስኪገጠም ወራት ፈጀ። ለማውጣት ግማሽ ቀን የበቃውን ማለት ነው።

ሱፕራ እንዲህ ሲነዳት የሚያዩ ሰዎች አሁንም ያዝኑለታል። «አስቀምጣት እንጂ!» ይሉታል። ነገሩ የገንዘብ ነው። በ2001 በወጣው ዘ ፋስት ኤንድ ዘ ፊዩሪየስ ፊልም ላይ ፖል ዎከር የነዳት ብርቱካናማ ሱፕራ በ2021 ጨረታ ላይ 550,000 ዶላር ተሸጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ባለ ሱፕራ ሁሉ ጋራዡን እንደ ባንክ ያያል። የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ላውጣ ቢል ቨርጂኒያ ለዕለት ሥራ መመላለሻ አትፈቅድለትም። በተስማሙበት ዋጋ የሚከፍሉት የመኪና ሰብሳቢዎች ኢንሹራንሶችም አብዛኞቹ ሌላ የዘወትር መኪና ይኑርህ ይላሉ። ስለዚህ እሱ ተራ ሰሌዳና ተራ ኢንሹራንስ ይዞ ይነዳል፤ ከተጋጨች የሚከፈለው ከዋጋዋ በታች እንደሚሆን እያወቀ። በዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ከእሱ ጋር ነው። የቆመች መኪና ጎማዋ ይደርቃል፣ ጎሚኖቿ ይሰነጠቃሉ፣ ቤንዚኗ ይበላሻል።

እናንተም የተሻሻለ የስፖርት መኪና ገዝታችሁ ሥራ ልትሄዱበት ካሰባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስንት ፈረስ እንዳለው አትጠይቁ። ባለቤቱን «ማታ አጥፍተህ አሳድርልኝ፣ ጠዋት ራሴ መጥቼ አስነሳዋለሁ» በሉት። በብርዱ አስነሱት፣ ሚኒሞው ይርጋ አይርጋ ስሙ፣ ኤሲውን ክፈቱ፣ ከዚያ የሥራ ሰዓት ጭንቅንቅ ውስጥ ይዛችሁት ግቡ። ባለቤቱ እምቢ ካለ አትግዙ።