የወይራ ጢስ በጋይንትና በአካባቢው

ከጉና ተራራ ወዲያና ወዲህ በተዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ የወይራ ግንድ ለቤተ ክርስቲያን መቃንና ምሰሶ፣ ጠንካራው ቅርንጫፉም ለድግርና ለዱላ ሲውል፣ ከመጥረቢያ በታች የወደቀውን ስንጣሪ ባለሙያዋ እመቤት ሰብስባ ታደርቀው ነበር። ለሰንበቴ፣ ለጽዋ ማኅበር ወይም ለታቦት ንግሥ ጠላ ሊጠመቅ ሲል ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠብና፣ በፍም ላይ በተነሰነሰው ስንጣሪ ላይ ተደፍቶ፣ መዓዛው ከሸክላው እስኪሰርጽ ድረስ ይታጠናል፤ የወተቱም ቅል እንዲሁ።

የቤተ ልሔምን ድጓና የዙር አምባን ዝማሬ መዋሥዕት ለኢትዮጵያ ሁሉ ያበረከተ ይህ አገር የሊቃውንቱን ዜማ በብራና ሲያጸና፣ የሴቶቹን ጥበብ የጻፈለት አልተገኘምና ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ፤ እኔም ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት እቈጥረዋለሁ። እንጨት ያለ ነበልባል ቀስ ብሎ ሲጨስ፣ ጥንካሬ የሚሰጠው ሊግኒን የተባለው ባሕርይ ፈርሶ ጉዋያኮልና ሲሪንጎል የሚባሉትን ፌኖሎች ያወጣል፤ እነዚህም በዕቃው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ተሐዋስያንን ይቃወማሉ፣ ቅባት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ እንዳይሸትም ያዘገያሉ። የዘመኑ ጠቢባን አንቲኦክሲዳንት የሚሉት ይህንኑ ግብር ነው።

በሜድትራንያን ባሕር ዳርቻ ያለው የዘይት ወይራ ከእኛው ወይራ ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ በዚያ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚተርፈው ውሃና ዛፉ ሲገረዝ የሚረግፈው ቅጠል ይህንኑ ግብር ያላቸው ኦለሮፔይንና ሃይድሮክሲታይሮሶል የተባሉት ንጥረ ነገሮች የሚወጡበት ሀብት ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፣ በ20 ግራም ዘይት ውስጥ ከሃይድሮክሲታይሮሶልና ከዘመዶቹ ቢያንስ 5 ሚሊግራም ከተገኘ፣ የደምን ቅባት ከኦክሲዴሽን እንደሚጠብቅ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

በእኛ ዘንድ ግን ወይራው ከማሳና ከተረተር እየተመነጠረ ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ተጠግቶ ቀርቷል፤ ጋኑንም የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን እየተካው ነው፤ ፕላስቲክ ፍም አይችልምና አይታጠንም። ስንጣሪው ሥራ ቢፈታ እንኳ፣ እስከ ዛሬ ለፍየል የሚጣለው ቅጠል ኦለሮፔይን አለውና፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መምህራን ቢመረምሩት እወዳለሁ፤ ይህ ንጥረ ነገር በእሳት ይጠፋል እንጂ በውሃና በአልኮል ተዘፍዝፎ ይወጣል።