የጩኸት መንገድ

የፊዚክስ ሰው አይደለሁም፤ ጉልምስናዬን የፈጀሁት ግጥምና ልብ ወለድ ሳስተምር ነው። ነገር ግን ነጋሪት ሲጎሰም የኖረበት፣ ሰው ከጋራ ጋራ የሚጠራራበት አገር ልጅ ስለ ድምፅ ቢጽፍ ድፍረት አይባልበትም።

በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ በጃቫና በሱማትራ መካከል ክራካታው የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1883 ረፋድ ላይ ፈነዳች። በሕንድ ውቅያኖስ፣ 4,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሮድሪገስ ደሴት የነበረው የፖሊስ ሹም ጀምስ ዎሊስ፣ ከምሥራቅ በኩል የከባድ መድፍ ተኩስ የሚመስል ድምፅ መሰማቱን መዘገበ። ርቀቱ ከአዲስ አበባ እስከ ሮም ካለው የአየር መንገድ ይበልጣል። ሰው ጆሮ ከዚያ ወዲያ ባይሰማውም፣ የአየሩ ሞገድ ምድርን ደጋግሞ ሲዞር የአየር ግፊት መለኪያዎች ለአምስት ቀናት ያህል መዝግበውታል።

ድምፁ ሮድሪገስ ለመድረስ ግን አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል። እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያ ሁሉ ጩኸት ከሹክሹክታ እምብዛም አልፈጠነም። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ቢጮኹም ቢያንሾካሽኩም ያው ነው። (ፍንዳታው አጠገብ የሚነሳው ምት መጀመሪያ ላይ ከዚህ ይፈጥናል፤ እየራቀ ሲሄድ ግን እንደ ተራው ድምፅ ይሆናል።) ጩኸት የሚጨምረው ርቀቱን ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከማካሳር ሁለት መርከቦች ነገሩን እንዲያጣሩ ተላኩ፤ ሌላም ቦታ የተቸገረ መርከብ መድፍ የሚተኩስ የመሰላቸው ነበሩ። በጃቫና በሱማትራ ዳርቻ ደግሞ ማዕበሉ ሰዉን ጠርጎ ወሰደው። የሞቱት ከ36,000 በላይ ናቸው። ድምፁ ደረሰ፤ ምን እንደሚል ግን የገባው አልነበረም።

ፍጥነቱን የሚወስነውስ? መንገዱ ነዋ! ኮላዶንና ስቱርም የሚባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1826 በጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሌሊት ሞከሩት። አንዱ ጀልባ ላይ ውኃ ውስጥ የተንጠለጠለ ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይበራል፤ ሌላው 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ አፉ ውኃ ውስጥ በገባ ቀንድ መሰል ቱቦ ያዳምጣል። ብርሃኑን ባየ ከዘጠኝ ሴኮንድ ትንሽ ዘግየት ብሎ ድምፁን ሰማ። በአየር ቢሆን አርባ ሴኮንድ ያህል በፈጀ ነበር። ሒሳቡ ሲሠራ በሴኮንድ 1,435 ሜትር ወጣ።

የአገሬ ገበሬም የመንገዱን ነገር በልምድ ያውቃል። የሚጣራው ማለዳና ምሽት ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታግል ድምፅ ወደ ሰማይ ይታጠፋል፤ ምድሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከላይ ያለው ሞቅ ያለ አየር ወደ መሬት ይመልሰዋል። የጣና ገዳማት መነኮሳትም ድንጋይ ሰቅለው እንደ ደወል ይመታሉ። ድንጋዩ ደግሞ እንዴት ይጮኻል መሰላችሁ!

ነጋሪቱስ የት ገባ? በ1934 ዓ.ም. ወረቀት ሆነ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ ፌዴራል የሚል ቃል ተጨመረበት። የጥንቱን ነጋሪት ገበያ የወጣ ሁሉ፣ ፊደል ቆጠረም አልቆጠረም፣ ይሰማው ነበር። ጋዜጣውን ማንበብ የማይችል ሰው ግን አጠገቡ ቢያልፍም አይሰማውም፤ አዋጁ ግን እሱንም ይይዘዋል።