ለጡረታ ዘመን የምትሆን የኪራይ ቤት፦ ማከራየት፣ መሸጥ፣ መስጠት ወይስ ወቅፍ ማድረግ?

ብዙ ወገኖቻችን የዕድሜ ልክ ልፋታቸውን የሚያሳርፉት ቤት ላይ ነው። አንዱ ነግዶ፣ ሌላው ከዐረብ አገር በተላከለት ገንዘብ ከመኖሪያው ውጭ አንዲት ቤት ወይም በግቢው ውስጥ ሰርቪስ ሠርቶ ያከራያል። ዕድሜ ገፍቶ ጉልበት ሲደክም ግን “ይህችን ቤት ምን እናድርጋት?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። አማራጮቹን ከሸሪዓና ከአገሪቱ ሕግ አንጻር በአጭሩ እንያቸው።

በቅድሚያ፦ ቤቷ የማን ናት?

በካርታው ላይ ያለው ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የጋራ የሆነን ቤት ለመሸጥም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ልጅ ከውጭ ገንዘብ ልካ የተሠራ ከሆነም የላከችው ስጦታ ነው፣ ብድር ነው ወይስ የቤቱ ድርሻ? ይህ በሕይወት እያላችሁ ተጠይቆ በጽሑፍ ይስፈር። ብድር ከሆነ ከኑዛዜም ከውርስም በፊት የሚከፈል ዕዳ ነውና።

1. እያከራዩ መኖር

ቤቷ ሳትነካ ፍሬዋን መብላት ነው። በብዙኃኑ ዑለማእ ዘንድ ለኪራይ በተያዘ ቤት ዋጋ ላይ ዘካ የለም። ዘካ የሚወጣው ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሳብ (የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ) ከሞላና የጨረቃ ዓመት ካለፈበት ገንዘብ ላይ 2.5 በመቶ ነው። የኪራይ ገቢ ግብርና የቤት እድሳት ወጪም መታሰብ አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ “ሲያስፈልገኝ ወዲያው አስለቅቄ እሸጣለሁ” ብሎ ማሰብ አያዋጣም።

2. መሸጥ

ለሕክምና፣ ለዕዳ ወይም ቤቱን መከታተል ላቃተው ሰው መሸጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ሒሳቡ ቀድሞ ይሠራ። ለምሳሌ በወር 25,000 ብር የምትከራይ ቤት በዓመት 300,000 ብር ታስገባለች እንበል። በ6 ሚሊዮን ብር ተሽጣ ገንዘቡ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ የመጀመሪያው ዓመት ዘካ ብቻ 150,000 ብር ነው። በየዓመቱ ዘካ እየወጣ 300,000 ብር ለቀለብ ቢወሰድ ገንዘቡ በ16 ዓመት ገደማ ያልቃል። የኑሮ ውድነቱ ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያጥራል። እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ባሉ ከወለድ ነጻ ባንኮች በሙዳረባ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ትርፉ ግን አስቀድሞ የተረጋገጠ አይደለም።

3. ቤቱን አስይዞ መበደር

በወለድ ከሆነ ሪባ ነው፤ በሩ ዝግ ነው። በሙራባሓ የሚገኝ ፋይናንስም ቢሆን ዕዳ መሆኑ አይቀርም። የወር ገቢው ክፍያውን የማይሸፍንለት ጡረተኛ ቤቱን ሊያጣ ይችላል።

4. ለልጆች መስጠት (ሂባ)

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኑዕማን ኢብኑ በሺር አባት ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሲሰጥ ምስክር ለመሆን አልፈቀዱም፤ በልጆች መካከል ፍትሕ እንዲኖርም አዘዋል። ሂባ በሕይወት እያሉ ማስረከብን ይጠይቃል። “እኔ ስሞት ያንተ ናት” ማለት ሂባ ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ ለወራሽ የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። ለሞት ባደረሰ ሕመም ላይ የተሰጠም እንደ ኑዛዜ ይታያል። ቤቷን የሰጠ ኪራይዋንም ሰጥቷልና መተዳደሪያ የሌለው ሰው አይቸኩል።

5. ወቅፍ

ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት መሠረቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥና እንዳይወረስ አድርገው ፍሬውን ለድሆች፣ ለዘመድና ለመንገደኛ አውለውታል። ከሞት በኋላ እንዲፈጸም የሚተው ወቅፍ ከሀብቱ ሲሶ ማለፍ የለበትም። ማን እንደሚያስተዳድረው በግልጽ ካልተጻፈ ግን ለጭቅጭቅ ይዳርጋል።

ምንም ሳይወሰን ቢቀርስ?

በሱረቱ አን-ኒሳእ 11 እና 12 መሠረት ሟች ልጆች ካሉት ሚስት አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፤ ወላጆች በሕይወት ካሉ እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ይወስዳሉ፤ በቀሪው ወንድ ልጅ የሴት ልጅ እጥፍ ይደርሰዋል። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ውርስን፣ ሂባንና ወቅፍን የማየት ሥልጣን አላቸው። ይህ የሚሆነው ግን ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ የትዳር ጓደኛም ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለም፤ የሚቀርላት የጋራ ንብረት ድርሻዋ ነው።

ስለዚህ ለአብዛኛው ጡረተኛ ቤቷን ይዞ ኪራይዋን መብላት የተሻለ ነው እንላለን። ይህን የመረጠም ቢሆን ዕዳውንና የባለመብቶችን ድርሻ ይጻፍ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አንድ ላይ ያስቀምጥ፣ ውሳኔውን ለዓሊምና ለሕግ ባለሙያ አሳይቶ በሰነዶች ማረጋገጫ ያስመዝግብ። አባት በሕይወት እያለ የሚደረግ የአንድ ቀን ንግግር ልጆችን ከዓመታት ክርክር ያድናቸዋል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።